አራት መቶ ነፍሳት በአንድ የጎመን ማሳ

ቀድሞ፣ በአሰበ ተፈሪ አትክልት ማልማት ሥርዓት ያለው ነገር ነበር፤ ሥርዓቱን ያቆሙት ሰዎችም በስም ይታወቃሉ። ሐጂ አክረም ነበሩ፤ ጥቅል ጎመን የሚተክሉት ገመድ ወጥረው፣ በስንዝር ለክተው፣ ቢስሚላህ ብለው ነበር፤ በየአምስተኛው ጉድጓድ ግን ጎመኑን ትተው ድንብላል ያኖሩበት ነበር። ወይዘሮ ጥሩነሽ ነበሩ፤ ከቲማቲማቸው ሥር በሶብላ ሳይበቅል የቀረ እንደ ሆነ፣ የዚያን ዓመት ቲማቲም ይዞ ገበያ መውጣት ያሳፍራቸው ነበር። መቶ አለቃ ብሩ ነበሩ፤ ነጭ ሽንኩርትን በየመደቡ ዳር እንደ ዘብ አሰልፈው፣ ከሰልፉ የወጣውን ሽንኩርት በስሙ ጠርተው ይቆጡ ነበር ይባላል። ሽንኩርት ስም እንዳለው ያወቅነውም ከእሳቸው ነው።

እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ሥልጠና አልወሰዱም፤ የምስክር ወረቀት አልተቀበሉም፤ ከጎመናቸው ጋር ቆመውም ፎቶግራፍ አልተነሡም። ጎመናቸው ግን ከመሰላ እስከ ቦርደዴ ይፈለግ ነበር። ዛሬ ፎቶግራፉ ሞልቷል።

ከእነዚህ ሰዎች እግር ሥር ተምረው እስከ ዛሬ በሕይወት የቆዩ አንድ አዛውንት አሉ፤ አቶ ዓባይ በለጠ ይባላሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ነው፤ ወገባቸው ግን ይህን ወሬ አልሰማም። ሠላሳ አንድ ዓመት በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት አገልግለዋል፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ቀንና ቁጥር የሌለው ወረቀት ከእጃቸው አልወጣም። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ሐጂ አክረም ከታመሙበት አስጠርተዋቸው፣ ከከተማው በታች በመስኖው ቦይ ዳር ያለችውን ሁለት መቶ ካሬ ሜትር ማሳ፣ «ዓባይ፣ ልጆቼ የሚያውቁት ጫት ነው፤ ጎመኗን አንተ ያዛት» ብለው አስረከቧቸው። ማሳዋ የመንግሥት ናት፤ በየዓመቱ በጥር ወር ትታይና ለያዛት ሰው ትታደሳለች። አቶ ዓባይ አሥራ አራት ጊዜ አሳድሰዋታል። ያቺን ማሳ ቢነጠቁ የሚተርፋቸው ሥራ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በሠፈሩ ማን እንደ ሞተ ማዳመጥ ብቻ ነበር። ይህንን ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ሣህሊቱ እንኳ ተናግረውት አያውቁም፤ ወይዘሮ ሣህሊቱ ግን ያውቁታል።

በማሳዋ ላይ የሚበቅለው ጥቅል ጎመን ነው፤ ግን ብቻውን አይበቅልም። «ጎመን ሙሽራ ናት፤ ያለ ሚዜ አትወጣም» ይሉ ነበር ሐጂ አክረም። ስለዚህ በመደቦቹ መሃል ሽንኩርት፣ በዳር በዳሩ ድንብላልና እንስላል፣ በማዕዘኑ ሱፍ፣ በስተምዕራብ ደግሞ አንድ መስመር ሰናፍጭ ይቆማል። አቶ ዓባይ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ መድኃኒት ሳይረጩ የኖሩት በእነዚህ ሚዜዎች ነው።

ዘንድሮ ግን «ንጹሕ ማሳ» የተባለ ዘመቻ መጣ። ዘመቻውን ያመጣው የአረንጓዴ ማሳ ማስተባበሪያ የሚባል፣ ከስሙ በቀር አንዳች አረንጓዴ ነገር የሌለው ጽሕፈት ቤት ነው። በመመሪያው መሠረት አንድ ማሳ አንድ ዓይነት አትክልት ይይዛል፤ ሌላው ሁሉ «ባዕድ ተክል» ይባላል፤ ባዕድ ተክል የተገኘበት ማሳ ደግሞ ያልለማ ነውና ለሌላ ይሰጣል። መመሪያውን የሚያስፈጽመው ወጣት ባለሙያ ሳቢር መስዑድ የሐጂ አክረም የልጅ ልጅ ነው። ትጉህ ልጅ ነው፤ ዲግሪ አለው፤ አሥራ አንድ ኪስ ያለው ሰደርያም አለው። ከአቶ ዓባይ ማሳ ማዶ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ የራሱን ሠርቶ ማሳያ አቁሟል። በሠርቶ ማሳያው ላይ ከጎመኑ ሁሉ ቀድሞ የበቀለው የብረት ሰሌዳው ነበር።

በጥር ወር መጀመሪያ አንድ ማለዳ ሳቢር ቦዩን ዘልሎ መጣ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ጋሽ ዓባይ።»

«ወአለይኩም ሰላም። እንደምን አደርህ፣ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

«የትኛው?»

«ይሄ ሁሉ!» ብሎ እጁን እንደ ማጭድ አዞረው።

«ይህ ሁሉ ማሳ ይባላል።»

«አቦ ጋሼ፣ ማሳው ውስጥ ያለውን ነው የምለው። ጎመን፣ እሺ። ሽንኩርቱ በጎመን መሃል ምን ይሠራል?»

«ይሸታል።»

«ይሸታል?»

«ሥራው መሽተት ነው። ነጯ ቢራቢሮ እንቁላሏን የምትጥልበትን ጎመን የምታገኘው በአፍንጫ ነው። ሽንኩርት ሲሸታት ግራ ይገባትና ወደ ጎረቤት ትሄዳለች።» ጎረቤት ማን እንደ ሆነ አልጨመሩም፤ በትሕትና ያደጉ ሰው ናቸው።

ሳቢር በስልኩ ሽንኩርቱን ፎቶ አነሣ። «ድንብላሉስ? አብቦ አርጅቷል እኮ፤ ማን ይገዛዋል?»

«የተዘራው ለገበያ አይደለም። አበባውን ትንንሽ ተርቦች ይቀስሙታል፤ ጠግበው ሲያበቁ ትሉን ይወጉታል።»

«ሰናፍጩ ግን፣ ወላሂ፣ ቅሌት ነው! በዚያ ቅጠል መጣጭ ክሽክሽ አመድ መስሏል፤ ተባይ እያረቡ ነው!»

«እሱ ለክሽክሹ የተዘራ ነው።»

«ለክሽክሽ ይዘራሉ?»

«ለሌባ ቁርስ ካቀረብህለት ምሳህን አይነካም። ሰናፍጩን ይወዳል፤ ጎመኑን ይተዋል። እዚያ ሲከማች ደግሞ የሚበሉት ይመጣሉ። አያትህ የሠሩት እንዲህ ነበር።»

«አያቴ፣ አላህ ይርሐማቸው፣ በእሳቸው ዘመን መድኃኒት ስላልነበረ ነው። ሰናፍጭ መመሪያው ላይ የለም፣ ጋሼ።» ከሰባተኛው ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «በአሥር ቀን ውስጥ ከጎመን በቀር ያለው ሁሉ ይነቀል። ካልተነቀለ ማሳው አይታደስም። እኔ አይደለሁም ያልኩት።»

«ማን ነው ያለው?»

«ከላይ ነው።»

አቶ ዓባይ ቀና ብለው ወደ ላይ ተመለከቱ። አንድ ጭልፊት ይዞር ነበር፤ ሌላ ማንም አልነበረም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛቸውን ጠርገው አቤቱታ ለመጻፍ ተቀመጡ። አስቀድሞ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ሦስት ማለዳ በተከታታይ ወደ ማሳዋ ወርደው፣ ተንበርክከው፣ ቅጠሉን እየገለበጡ ጥንዚዛውን፣ ተርቡን፣ ሸረሪቱንና ንብ መሳዩን ዝንብ በእርሳስ መዘገቡ። ድምሩ አራት መቶ አሥራ ሁለት መጣ። ቁጥሩ ያለ ምስክር እንዳይቀርም ወይዘሮ ሣህሊቱን አስፈረሟቸው።

«ሄደህ አትነግራቸውም? ምን ያስጽፍሃል?» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ። «ኃላፊዋ ሳጂዳ እንደሆነች ከሰው ልጅ ጋር የምትነጋገር ሴት ናት።»

«በአፍ የተነገረ በንፋስ ይሄዳል።»

«እሺ ጻፈው። ግን ሚዜ በልና ጻፍ፤ ሐጂም ሚዜ ነበር የሚሉት፤ አገር ያውቀዋል።»

«ሚዜ የጽሕፈት ቤት ቃል አይደለም» አሉና ብዕራቸውን ነከሩ። ሚዜን ትተው አጃቢ አሉ። ሌላውንም ቃል ሁሉ እንዲሁ ከፍ ከፍ አደረጉት። ጽፈው ሲጨርሱ ቆመው አነበቡት፦

«ለአረንጓዴ ማሳ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት፤ አሰበ ተፈሪ። ጉዳዩ፦ ማሳዬ እንዳይነጠቅ አቤቱታ ስለ ማቅረብ። እኔ አመልካቹ በማሳዬ ዙሪያ አጃቢዎችን በማቆሜ፣ በእነርሱም ጥበቃ ሥር ቁጥራቸው ከአራት መቶ የማያንስ ጠቃሚ ነፍሳት ተጠልለው፣ እየበሉና እየተዋለዱ በሰላም የሚኖሩ ስለሆነ፣ አጃቢዎቹ ይነሡ ቢባል ነፍሳቱ መጠጊያ አጥተው የሚበተኑ መሆናቸውን በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ።»

ወይዘሮ ሣህሊቱ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ደስ ይላል። የማን ለቅሶ ነው?» አሉ።

አቶ ዓባይ ቀን ጻፉ፤ ቁጥር ሰጡ፤ አንድ ግልባጭ ለራሳቸው አስቀሩ።

በማግስቱ ጽሕፈት ቤት ሲደርሱ ወረቀቱን የተቀበለው ሳቢር ነበር። በዚያ መሥሪያ ቤት መዝገብ የሚያዘው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ወደ ኃላፊዋ ጠረጴዛ የሚገባ ወረቀት ሁሉ መተርጎም አለበት።

«ጋሼ፣ ለምን በአፋን ኦሮሞ አይጽፉትም? እርስዎ እኮ ከእኔ ይበልጥ ይችሉታል።»

«ስናገረው አዎን። አቤቱታ መጻፍ የተማርሁት ግን በአማርኛ ነው፤ በዚህ ዕድሜ በሌላ ቋንቋ አቤት ብል ድምፄ የእኔ አይመስለኝም።»

«እሺ፣ እኔ እተረጉመዋለሁ።» ሳቢር ጣቱን በመስመሩ ሥር እያስኬደ አነበበ። አንድ ቦታ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ጋሼ፣ ይሄ "ነፍሳት" የሚለው…»

«አማርኛ ነው።»

«አማርኛ መሆኑንማ አውቃለሁ። ማለቴ…»

«እኛ አራተኛ ክፍል ነው የተማርነው» አሉ አቶ ዓባይ፤ ድምፃቸውም ከፍ ብሎ ኖሮ በአጠገቡ የተቀመጡት ሁለት ጸሐፊዎች ሳቁ።

የሳቢር ጆሮ ቀላ። ወረቀቱን አጥፎ ወደ መሳቢያው አስገባና፣ «ግልጽ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አቶ ዓባይ የሰሙት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። ሳቢር የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነበር። በትምህርት ቤቱ፣ ስድስት እግር ያላት ትንሽ ፍጥረት «ኢልቢሳ» ትባላለች። በአማርኛም ነፍሳት የምትባል መሆኗን ማንም ነግሮት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ነፍስ እናቱ የምትምልበትን ነው። ሽማግሌው ምን ለማለት እንደ ፈለጉ አልገባውም፤ አለመግባቱን ግን ለማንም አልተናገረም። ቃልን በቃል ተካ፦ ነፍሳት ላለው «ሉቡ» ጻፈ፤ ሉቡ ማለት የሰው ነፍስ ነው፤ አራት መቶ ሉቡ ሲባልም አራት መቶ ሰው ነው። አጃቢ ላለው «ኤግዱ» ጻፈ፤ ኤግዱ ዘብ ነው። ፈረመበት። ማኅተም አስመታበት።

ኃላፊዋ ወይዘሮ ሳጂዳ ማሳዋን አይተዋት አያውቁም፤ ያዩት ወረቀቱን ነው። አራት መቶ ሰው፣ በሁለት መቶ ካሬ ሜትር ላይ፣ በዘበኞች ተከብቦ፣ እየበላና እየተዋለደ! ለአንድ ሰው ግማሽ ካሬ ሜትር እንደሚደርስ አሰሉ። ጠባብ ነው፤ ይሁንና በከተማው ከዚያ እምብዛም የማይሰፋ የኪራይ ቤት ያውቃሉ። በዚያ ላይ በጽሕፈት ቤት የኖረ ሰው ሰውን ይጠራጠራል እንጂ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አይጠራጠርም። በአንድ እጃቸው ለደንብ ክፍል «ሕገ ወጥ ሠፈራ ይነሣልኝ» ብለው ጻፉ፤ በሌላው እጃቸው ለእርዳታ ክፍል «ለተጎጂዎች ይድረስልኝ» ብለው ጻፉ፤ ለሁለቱም ያንኑ ቀን ቀጠሩ። የሁለቱንም ግልባጭ ወደ ላይ ላኩ። ሳቢር በስብሰባው ላይ ነበር። ሊናገር ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ውሃ ሰጡት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ፀሐይ ቦዩን ገና ሳትሻገር፣ አንድ ፒክአፕና አንድ አይሱዙ በማሳዋ ራስ ላይ ቆሙ። ከፒክአፑ የደንብ ክፍሉ አለቃ ኢርሻድ ዱላ ከያዙ ስድስት ሰዎች ጋር ወረደ። አይሱዙው ስንዴና ብርድ ልብስ ጭኗል፤ ከእሱ የወረደው የእርዳታ ክፍሉ ደረጀ ነው፤ የስም መመዝገቢያ ቅጽ በብብቱ ይዟል። ከኋላ ወይዘሮ ሳጂዳ መጡ፤ ከእሳቸውም ኋላ፣ ከሁሉም ርቆ፣ ሳቢር።

«አካም ቡልተን፣ ጋሼ?» አሉ ወይዘሮ ሳጂዳ፤ ደህና አደሩ ማለታቸው ነው።

«ነጋ፣ ገለታ ረቢ»፤ ደህና፣ ፈጣሪ ይመስገን ብለው አቶ ዓባይ ባርኔጣቸውን አነሡ። አቤቱታቸው ይህን ያህል ሰው ከመቀመጫው ያስነሣል ብለው አላሰቡም ነበር። በልባቸው፣ በሚገባ የተጻፈ ወረቀት ዛሬም ኃይል አለው አሉ።

«አራት መቶዎቹ የት ናቸው?» አለ ኢርሻድ።

የአቶ ዓባይ ፊት በራ። «እንኳን ደህና መጣችሁ! በዚህ ሰዓት አብዛኞቹ ቁርስ ላይ ናቸው።»

«ከነማን ጋር ነው የሚበሉት? ማን ያቀርብላቸዋል?» አለ ደረጀ፣ ቅጹን እየገለጠ።

«እኔ አቀርባለሁ። ሲጠፋ ግን እርስ በርሳቸው ይበላላሉ።»

የደረጀ ብዕር ወደቀ።

«አስተግፊሩላህ!» አሉ ወይዘሮ ሳጂዳ። «ሕፃናት አሉባቸው?»

«ከግማሽ የሚበልጡት ሕፃናት ናቸው። አስቸጋሪዎቹም እነሱ ናቸው፤ ክንፍ እስኪያወጡ ድረስ ሆዳቸው አይሞላም።»

«እናቶቻቸውስ?»

«ጥለዋቸው ሄዱ። ልማዳቸው ነው።»

ኢርሻድ ወደ ወይዘሮ ሳጂዳ ጠጋ ብሎ፣ «ሽማግሌው ጤነኛ ናቸው?» አለ በሹክሹክታ። የአቶ ዓባይ ጆሮ ግን እንደ ወገባቸው ነው፤ ዕድሜውን አልሰማም።

«ጤነኛ ነኝ። ኑና ተመልከቱ» አሉና ወደ አንዱ ጎመን ሄደው፣ የታችኛውን ቅጠል በሁለት ጣት ገለበጡት። ሁሉም ጎንበስ አለ። ጀርባዋ ቀይ፣ በጥቁር ነጥብ የተጌጠች፣ ከምስር የማትበልጥ ጥንዚዛ ነበረች።

«አንድ» አሉ አቶ ዓባይ። «ቀሪዎቹን አራት መቶ አሥራ አንድ በየተራ አሳያችኋለሁ።»

ከዚያ ከስድስቱ ዱላ ያዦች አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ።

«ሰዎቹስ?» አሉ ወይዘሮ ሳጂዳ በቀጭን ድምፅ።

«የምን ሰዎች?»

«አራት መቶ ሉቡ ብለው የጻፉት!»

«ነፍሳት ነው ያልሁት፤ ነፍሳት እኒህ ናቸው፣ ወይዘሮ ሳጂዳ። ስማቸው ነው።»

«ዘበኞቹስ?»

«ዘበኛ የሚል ቃል አልጻፍሁም፤ አጃቢ ብያለሁ። ያ ድንብላል ነው፤ ይህ ሽንኩርት ነው። ያኛው እንስላል ነው።»

ደረጀ ቅጹን ወደ ብብቱ መለሰ። «ታዲያ ስንዴውን ለማን ላድል?»

«ስንዴ አይበሉም። ክሽክሽ የጫንህ እንደ ሆነ ግን አውርድ።»

ወይዘሮ ሳጂዳ አልሳቁም። ነገሩ ወደ ላይ ሄዷል፤ ቁጥሩ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ከወጣ በኋላ ደግሞ የሚያወርደው መሰላል የለም። ጥፋተኛ ያስፈልጋል። «ጋሽ ዓባይ፣ አከብርዎታለሁ። ነገር ግን ለመንግሥት አሳሳች ቃል ጽፈው ሁለት ክፍል አስነሥተዋል። በዚህ ላይ ባዕድ ተክሉን ይኸው አልነቀሉም። ማሳው ዛሬ ይመለሳል።»

አቶ ዓባይ ከደረት ኪሳቸው ግልባጩን አውጥተው ዘረጉት። «በዚህ ላይ ሰው የሚል ቃል የት አለ?»

«እኔ ያነበብኩት ትርጉሙን ነው። ሳቢር! አንተ ነህ የተረጎምከው። ሰው ይላል አይልም?»

ሳቢር ከሰዎቹ ጀርባ እንደ ቆመ ዓይኑን ጎመኑ ላይ ተክሎ ነበር። መልስ በመስጠት ፋንታ ድንገት ጎንበስ ብሎ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ወደሚሳብ ጥቁር፣ ሸካራ፣ ትንሽ አዞ መሳይ ነገር አመለከተ። «ይቺ ግን ተባይ ናት! ይቺን አውቃታለሁ። የእኔን ጎመን ወርራው ነበር፤ ሁለት ጊዜ ረጭቼ ነው የጨረስኳት!»

«ጨረስካት?» አሉ አቶ ዓባይ።

«አንዲት አልቀረችም።»

«የዚህችው የቀይዋ ልጅ ናት። ሕፃን ያልኋችሁ እሷን ነው። ዝም ብላችሁ ተመልከቱ።»

አዞዋ ወደ አንድ የክሽክሽ ስብስብ ተሳበች፤ የመጀመሪያዋን ያዘች፤ መጠጠቻት፤ ቅርፊቷን ጣለች፤ ሁለተኛዋን ያዘች። ደረጀ ከልማዱ የተነሣ መቁጠር ጀመረ፤ «ሦስት… አራት… አቦ፣ አሁንም አልጠገበችም!» ዱላ ያዦቹ ዱላቸውን አስቀምጠው ተንበረከኩ። የደንብ ክፍሉ አለቃ ኢርሻድ ራሱ፣ በዚያ ከተማ አጥር ሲያፈርስ እንጂ ሲንበረከክ ታይቶ የማያውቀው ሰው፣ ጉልበቱን አፈር አስነክቶ «ያቺ ትልቋ ልታመልጥ ነው፤ ብዪያት! ብዪያት!» ይል ነበር።

ከሁሉም በፊት ቀና ያለው ሳቢር ነው። ወደ ማዶ ተመለከተ። ሌሎቹም ዓይኑን ተከትለው ተመለከቱ። ቦዩን ተሻግሮ ሠርቶ ማሳያው ነበር፤ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ አንድም ባዕድ ተክል የሌለበት፣ ንጹሕ። ጎመኑ ግን ግራጫ ለብሷል፤ ቅጠሉ ተጨማዷል፤ ከሩቅ እንኳ አመድ የተነፋበት ይመስል ነበር። ሁለት ጊዜ የተረጨው መድኃኒት ክሽክሹን የሚበሉትን ሁሉ ጨርሶ፣ ጎመኑን የሚበላውን ክሽክሽ ትቶለታል። ከጎመኑ በላይ ሰሌዳው ፀሐይ ላይ ያበራ ነበር።

ወይዘሮ ሳጂዳ ቀሚሳቸውን አራግፈው ቃለ ጉባኤው የሚጻፍበትን ደብተር ለሳቢር ሰጡት፤ ጉዳዩን ቶሎ መዝጋት ፈልገዋል። «ጻፍ» አሉ። «አመልካቹ በተጠቀሙበት አሻሚ ቃል ምክንያት ስህተት ተፈጥሯል። ስለሆነም ማሳው…»

ሳቢር ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አኖረ። አቶ ዓባይ ይመለከቱት ነበር። አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ያቺን መስመር ቢጽፍ ልጁ ይድናል፤ እሳቸውም ነገ ማለዳ የሚወርዱበት ቦታ የላቸውም። ነገር ግን የሚያስጨንቃቸው ያ ብቻ አልነበረም። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የቆመውን ጣት፣ የቀላውን ጆሮ፣ የጸሐፊዎቹን ሳቅ ያስታውሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት በመዝገብ ቤት ሲሠሩ፣ ያልገባውን የጠየቀ ባለጉዳይ ከፊታቸው አሳፍረው የመለሱበት ቀን አልነበረም፤ ወይም እንዳልነበረ ለራሳቸው ይነግሩ ነበር።

«ወይዘሮ ሳጂዳ» አሉ። ቃሉ የወጣው እንደ ረጅም ሥር ነው፤ ተጎትቶ። «ከመጻፉ በፊት አንድ ነገር ይመዝገብ። ልጁ የቃሉን ትርጉም ሊጠይቀኝ አፉን ከፍቶ ነበር። ያሳፈርሁት እኔ ነኝ። ሲጠይቁት መመለስ የአመልካች ግዴታ ነው፤ እኔ ግዴታዬን አልተወጣሁም።»

ኢርሻድ ከጉልበቱ ተነሣ። ወይዘሮ ሳጂዳ ግራ ተጋብተው ከሽማግሌው ወደ ልጁ፣ ከልጁ ወደ ሽማግሌው ተመለከቱ። «ታዲያ በማሳው ላይ ምን ይጻፍ? ባለሙያው አንተ ነህ፣ ሳቢር። እኔ የምፈርመው አንተ የምትለውን ነው።»

ሳቢር ብዕሩን አነሣ፤ ደብተሩን ዘግቶ ለኃላፊዋ መለሰላቸው። የተናገረውም በአማርኛ ነው፤ ሽማግሌው አቤት ባሉበት ቋንቋ።

«ማሳው ለእሳቸው ይታደስ ብለው እርስዎ ይጻፉ፤ አጃቢዎቹም አይነቀሉ። ጋሼ አላሳፈሩኝም፤ ማፈሩ የራሴ ነው። ቃሉ አልገባኝም ነበር፤ እያወቅኩ ፈረምኩበት። ያቺንም ትል አላውቃትም ነበር፤ የማውቃት መስዬ ረጨኋት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።»